«ኢንሹራንስ አለኝ!» ግን በማን ስም? ለየትኛው ሞተር? ለምን ሥራ?

ለንደን ውስጥ ሲመሽ ከኋላቸው ትልቅ ሣጥን ጭነው፣ መሪው ላይ በታሰረው ስልክ እየተመሩ ምግብ ለማድረስ ከሚጣደፉት ባለሞተሮች መካከል የእኛን ልጆች ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ሰነባብቷል። ሥራው ከዝናብና ከብርድ ጋር ግብግብ ነው። ያም ሆኖ የጠለቀ እንግሊዝኛም ሆነ የሥራ ልምድ ማስረጃ አይጠይቅም፤ የሮጡትን ያህል ይከፍላል። በዚህ ሥራ የቤት ኪራዩን የሚከፍል፣ ለሀገር ቤት ቤተሰቡ የሚልክ፣ ቀን ተምሮ ማታ የሚሠራ ወጣት ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሥራውን ለመንቀፍ አይደለም። እንጀራ ነው፤ እንጀራ ደግሞ አይነቀፍም።

የምጽፈው ስለ ወረቀቱ ነው። እንግሊዝኛው ጠጠር ያለ ደብዳቤ ሲመጣ «እስቲ ይህን አንብብልን» ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ፣ ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤትና ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚላኩ ብዙ ወረቀቶች በእጄ አልፈዋል። ከሞተር ጋር የተያያዙትን ስመለከት አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ልጆቹ ሕግ ለመጣስ አስበው የወጡ አይደሉም። አብዛኞቹ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ወረቀታቸውን ይዘው «ሁሉ ነገር አለኝ» ብለው ነው የወጡት። ችግሩ፣ በእጃቸው ያለው ወረቀትና የሚሠሩት ሥራ አለመገጣጠሙ ነው።

ከነዚህ ልጆች አፍ በተደጋጋሚ የምሰማቸው ሦስት አባባሎች አሉ። «የሀገር ቤት መንጃ ፈቃድ አለኝ»፣ «የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ»፣ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚሉት ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና እንደ ቅደም ተከተላቸው እንመልከታቸው። እዚህ የምጠቅሰው ሕግ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ የሚሠራውን ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሱ አሠራር አለው።

«የሀገር ቤት መንጃ ፈቃድ አለኝ»

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ፈጽሞ አይሠራም የሚሉ አሉ፤ እስከፈለጉት ጊዜ ይሠራል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው በብሪታንያ ነዋሪ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ለ12 ወራት መንዳት ይችላል። የሚነዳው ግን ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ተሽከርካሪ ብቻ ነው። ሀገር ቤት የሞተር ሳይክል ፈቃድ ራሱን የቻለ ምድብ መሆኑን የምናውቀው ነው። መኪና ብቻ የተጻፈበት ፈቃድ እዚህ ሲደርስ ተለውጦ የሞተር ፈቃድ አይሆንም።

ብዙዎች የሚስቱት ቆጠራው ላይ ነው። 12ቱ ወር የሚቆጠረው ሞተር ከተገዛበት ወይም ሥራ ከተጀመረበት ቀን አይደለም፤ በሀገሩ መኖር ከተጀመረበት ነው። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ያ ፈቃድ በዚህ ሀገር መንገድ ላይ ዋጋ የለውም። ወደ እንግሊዝ ፈቃድ እንለውጠው ቢባልም አይቻልም። መንግሥት ፈቃዳቸው በቀጥታ እንዲለወጥ የፈቀደላቸው ሀገሮች ዝርዝር አለ። ጃፓን፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ከአፍሪካም ደቡብ አፍሪካ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። በጣሊያን፣ በጀርመን ወይም በስዊድን ኖረው እዚያው ተፈትነው ፈቃድ ያወጡ ወገኖች ግን ሕጉ በተለየ መንገድ ስለሚያያቸው ሊለውጡት ይችላሉ። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የመጣው ሰው፣ ሀገር ቤት ሃያ ዓመት ነድቶም ቢሆን፣ እዚህ ከጀማሪ ፈቃድ መነሳት አለበት። ይህ «ፕሮቪዥናል» የሚባለው ፈቃድ በኢንተርኔት ሲያመለክቱ 34 ፓውንድ ያስከፍላል፤ ለማግኘትም በሀገሩ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ መሆን ያስፈልጋል።

«የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ»

እዚሁ ሀገር ተፈትኖ፣ ደክሞ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሞተር ሲገዛ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። የመኪናው ፈቃድ ለሞተር የሚሰጠው ግን የጀማሪን መብት ብቻ ነው። ሞተር ላይ ወጥቶ መንገድ ከመግባቱ በፊት «ሲ.ቢ.ቲ.» የሚባለውን የግዴታ መሠረታዊ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ይህ ሥልጠና የተጀመረው በ1990 ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። መጀመሪያ በግቢ ውስጥ ሚዛን መጠበቅ፣ ፍሬን መያዝና መዞር ይለማመዳሉ፤ ከዚያ ከአሠልጣኙ ጋር ቢያንስ ለ2 ሰዓት መንገድ ላይ ይነዳሉ። ማለፍና መውደቅ ያለበት ፈተና አይደለም፤ ይሁንና አሠልጣኙ ካላመነበት ሰርተፊኬቱን አይሰጥም፤ ተመልሶ መምጣት ነው።

ዕድሜው 17 ዓመት የሞላ ሰው በዚህ ሰርተፊኬት እስከ 125 ሲሲ፣ ጉልበቱም ከ11 ኪሎ ዋት ያልበለጠ ሞተር ይነዳል። በዚህ ላይ ገደቦች አሉት። ቀዩ «ኤል» ፊደል ከፊትም ከኋላም መለጠፍ አለበት። ሰው ማፈናጠጥ አይፈቀድም። ሞተርዌይ መግባት አይፈቀድም። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያላወጣ ሰው ሥልጠናውን እንደገና ከፍሎ መድገም አለበት። የመኪና ፈቃዳቸውን ከየካቲት 1 ቀን 2001 ወዲህ ያወጡ ሰዎች ለትንሿ 50 ሲሲም ቢሆን ይህ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል።

የእኛ ልጆች በብዛት የሚያዙት እነዚህን ገደቦች እየተላለፉ ነው። አንዱ «ጀማሪ» መባሉ አሳፍሮት ኤሉን ይነቅለዋል። ሌላው ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ያመለጠውን ጓደኛውን አፈናጥጦ ይሄዳል። የሦስተኛው ሰርተፊኬት ካለፈበት አራት ወር ሆኖታል፤ ቀኑን ያየው ግን የለም። ከፈቃድ ውጭ መንዳት እስከ 1,000 ፓውንድ ቅጣትና እስከ 6 የቅጣት ነጥብ ያስከትላል።

መፍትሔው ሙሉ ፈቃድ ማውጣት ነው። አንድ የጽሑፍ ፈተናና ሁለት የተግባር ፈተናዎች አሉት። የጽሑፉ 23 ፓውንድ፣ የመጀመሪያው ተግባር 15 ፓውንድ ከ50፣ ሁለተኛው በሥራ ቀን 75 ፓውንድ ነው። እስከ 125 ሲሲ ላለው ሙሉ ፈቃድ 17 ዓመት ይበቃል፤ እስከ 35 ኪሎ ዋት ለመካከለኛው 19፣ ገደብ ለሌለው ትልቁ ሞተር በቀጥታ ለመፈተን ደግሞ 24 ዓመት ይጠየቃል። የጽሑፍ ፈተናው ቀድሞ በተለያዩ የውጭ ቋንቋዎች በድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ከሚያዝያ 2014 ወዲህ ቀርቷል፤ አስተርጓሚም አይፈቀድም። ለእኛ ሰው ትልቁ ደንቃራ ይህ መሆኑን አውቃለሁ። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

«ኢንሹራንስ አለኝ»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን። ሀገር ቤት ኢንሹራንስን የምናውቀው በተሽከርካሪው ነው። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 እንደሚያዘው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ለተሽከርካሪው ይገባል፣ ምልክቱ መስታወቱ ላይ ከቦሎው ጎን ይለጠፋል፣ ትራፊክ ፖሊሱም እሱን አይቶ ያሳልፋል። ስለዚህ አእምሯችን ውስጥ የተቀረጸው «ኢንሹራንስ ያለው መኪና» ወይም «ኢንሹራንስ ያለው ሞተር» ነው።

ብሪታንያ ውስጥ ይህ አስተሳሰብ ገደል ይከታል። እዚህ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ የሆነው ከ1930 ሕግ ጀምሮ ነው፤ አሁን የሚሠራበት የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው። ኢንሹራንሱ የሚጸናው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፤ እነሱም ሰውየው፣ ሞተሩና ሥራው ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ፣ ወርኃዊው ክፍያ ከባንክ እየተቆረጠም ቢሆን፣ በሕጉ ዓይን ኢንሹራንስ የለም።

ሰውየው ስንል፣ ስሙ ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ማለታችን ነው። «ሞተሬ ኢንሹራንስ ስላለው ዛሬ ማታ አንተ ሥራበት» ብሎ ለጓደኛ ማዋስ ደግነት ይመስላል፤ የጓደኛው ስም እዚያ ከሌለ ግን ተዋሹ ያለ ኢንሹራንስ በመንዳት፣ አዋሹም እንዲነዳ በመፍቀድ ሁለቱም ይጠየቃሉ። ሳምንታዊ ኪራይ እየከፈሉ በሰው ስኩተር የሚሠሩም እንዲሁ ናቸው። ሊብሬው በማንም ስም ይሁን፣ መጠየቅ ያለበት «በእኔ ስም ኢንሹራንስ አለ ወይ?» ተብሎ ነው። በሌላ ሰው አካውንት የሚሠራ ልጅ ደግሞ ሥራውም ኢንሹራንሱም በስሙ ስላልሆነ አደጋው እጥፍ ነው። የሥራ ፈቃድ ለሌለውማ ጉዳዩ ኢሚግሬሽን ድረስ ይሄዳል።

ሞተሩ ስንል፣ ታርጋው የተመዘገበው ማለት ነው። አሮጌውን ሸጦ ሌላ የገዛ ሰው ለኩባንያው አስታውቆ እስኪያስለውጥ ድረስ አዲሱን መንዳት የለበትም።

ሥራው ስንል፣ ሞተሩ የሚውልበት ማለት ነው። ብዙ ወጣቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በጣም ርካሹ ኢንሹራንስ ለግል ጉዳይና ለመዝናኛ ብቻ የሚሆነው ነው። ትንሽ ጨመር ካለ ከቤት ወደ ሥራ መመላለስን ይሸፍናል። ለክፍያ የሰው ምግብ ወይም ዕቃ ማድረስ ግን ለብቻው የሚጠቀስ፣ ዋጋውም በብዙ የሚበልጥ ሽፋን ነው። ውሉ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው።

አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም። 125 ስኩተር ገዛ፣ ሲ.ቢ.ቲ. ወሰደ፣ ኤሉን ለጠፈ። ኢንሹራንስ ሲገዛ «ለምን ይጠቀሙበታል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጓደኞቹ «ለግል በል፣ ይረክስልሃል» ስላሉት እንዲያ አለ። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ክፍያ ሳያሳልፍ ከፈለ። አንድ ምሽት በዝናብ ተንሸራቶ መብራት ላይ የቆመ መኪና ገጨ። የሞተ የለም፤ የመኪናው ሹፌር ግን አንገቱን ታመመ። ፖሊሱ መጥቶ መጀመሪያ ያየው የምግብ ሣጥኑን ነው። ታርጋውን በመሣሪያው ፈተሸ፤ ሽፋኑ ለግል ብቻ መሆኑን አረጋገጠ፤ ስኩተሩ በጭነት መኪና ተወሰደ። ልጁ ደብዳቤዎቹን ይዞ እኔ ዘንድ ሲመጣ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ጋሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከፍያለሁ እኮ!» እውነቱን ነው፤ ከፍሏል። የከፈለው ግን ለማይሠራው ነገር ነው።

በዚህ ሀገር ሁለት የሚያደናግሩ ነገሮችም አሉ። አንደኛው በሰዓት የሚከፈል የማድረሻ ኢንሹራንስ ነው። ሲሠሩ ብቻ ስለሚከፈልበት ይመቻል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በሥሩ የግል ኢንሹራንስ እንዲኖር ይጠይቃሉ። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሰው አይሸፈንም። ሁለተኛው አንዳንድ አሠሪ ኩባንያዎች «ለአድራሾቻችን ነፃ ኢንሹራንስ እንሰጣለን» የሚሉት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አድራሹ ራሱ ቢጎዳ የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀውን የሞተር ኢንሹራንስ አይተካም። በኅዳር 2023 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደሊቨሩ አድራሾች ለኅብረት ድርድር መብት በሚያበቃ ሁኔታ የኩባንያው ሠራተኞች አይደሉም ብሎ መወሰኑ ይታወሳል። አድራሹ ለራሱ እንደሚሠራ ሰው ተቆጥሯል፤ የሞተሩም የኢንሹራንሱም ጣጣ በራሱ ትከሻ ላይ ነው።

ቢያዙስ? ቢጋጩስ?

መስታወት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ስለሌለ ማን ያውቅብኛል የሚል ካለ ይህን ይወቅ። ኢንሹራንስ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ተመዝግበዋል። የፖሊስ ካሜራ ታርጋውን ሲያነብ መልሱን ወዲያው ያገኛል።

ያለ ኢንሹራንስ መንዳት እዚያው በቦታው 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ያስቀጣል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ ገንዘቡ ጣሪያ የለውም፤ ከመንዳትም ሊያግድ ይችላል። ከ2005ቱ ሕግ ወዲህ ፖሊስ ተሽከርካሪውን መውሰድ ይችላል። ለማስለቀቅ የማንሻና የየቀኑ ማቆያ ክፍያ አለ፣ ትክክለኛ ኢንሹራንስም ማሳየት ያስፈልጋል፤ በጊዜው ካልተወሰደ ሞተሩ ይጨፈለቃል ወይም ይሸጣል። ጥፋቱ መዝገብ ላይ ለ4 ዓመት ይቆያል፤ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደግሞ የ5 ዓመት ታሪክ ስለሚጠይቁ ቀጣዩ ዋጋ ሰማይ ይነካል። ሙሉ ፈቃድ ካወጣ 2 ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከደረሰበት ፈቃዱ ተሰርዞ እንደገና ከጀማሪነት ይነሳል። የዜግነት ማመልከቻም ስለ ክስና ስለ ቅጣት ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ መዋሸት ከቅጣቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሰው ሲጎዳ ነው። ሕጉ የተጎዳው ሰው ባዶ እጁን እንዲቀር አይፈቅድም። አንዳንዴ የአድራሹ ኩባንያ ራሱ፣ አንዳንዴም በ1946 የተቋቋመውና ኢንሹራንስ በሌላቸው ሰዎች ለተጎዱ ካሳ የሚከፍለው የኢንሹራንሶች ቢሮ ይከፍላል። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ ተገላገልኩ» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ከፋዩ ወገን የከፈለውን ከጥፋተኛው የማስመለስ መብት አለው። የተሰበረ የመኪና መብራት ሳይሆን የተሰበረ የሰው ወገብ ቢሆን፣ ዕዳው በአንድ ሰው ዕድሜ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

ከደነገጡ ልጆች አንዳንዶቹ ጥለው ይሄዳሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ሕጉ ቁም፣ ስምህንና አድራሻህን ስጥ፣ እዚያው ካልሰጠህ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ አመልክት ይላል። ሳይቆሙ መሄድ እስከ 6 ወር እስራት ሊያደርስ የሚችል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ሞተር ያላችሁ ሁሉ የኢንሹራንስ ሰርተፊኬታችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ሁለት መስመር ብቻ አንብቡ። አንዱ ማን መንዳት እንደሚፈቀድለት፣ ሌላው ለምን ጉዳይ እንደሚነዳ የሚናገረው ነው። ምግብ የምታደርሱ ከሆነና ማድረስ የሚል ካላያችሁ፣ በነጋታው ሳይሆን ዛሬ ማታ ሳትወጡ ኩባንያውን ጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ኢንሹራንስ ስትገዙ እውነቱን ተናገሩ። ከ2012 ጀምሮ ያለው ሕግ ገዢው ለተጠየቀው ጥያቄ በጥንቃቄ እውነተኛ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሆን ተብሎ የተነገረ ውሸት ውሉን ያፈርሳል። ሥራችሁን፣ ሞተሩ የሚያድርበትን ቦታ፣ ፈቃዳችሁ ጀማሪ ወይም ሙሉ መሆኑን፣ የቀድሞ ቅጣታችሁን በትክክል ተናገሩ። ሲገዙ የተነገረች ትንሽ ውሸት የምትወጣው አደጋ በደረሰ ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ የሲ.ቢ.ቲ. ሰርተፊኬታችሁ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ለዕረፍት ወደ ሌላ ሀገር ሄዳችሁ ስኩተር የምትከራዩም ካላችሁ ይህ ሰርተፊኬት ከብሪታንያ ውጭ እንደማይሠራ ዕወቁ። የጉዞ ኢንሹራንሳችሁም ስለ ሞተር ምን እንደሚል ከመሄዳችሁ በፊት እዩ።

ትክክለኛው ኢንሹራንስ ውድ መሆኑን አልክድም። ፈቃዱ አዲስ ለሆነ፣ በትልቅ ከተማ ለሚኖር፣ ማታ ማታ ምግብ ለሚያደርስ ወጣት የሚጠየቀው ዋጋ አንዳንዴ ከሞተሩ ዋጋ ይበልጣል። ምግቡን ከሚሸጠውም ሆነ ከሚያዘዋውረው ሀብታም ኩባንያ ይልቅ ይህን የሚሸከመው ብርድ ላይ ያለው ልጅ መሆኑ ያበሳጫል። ይሁን እንጂ ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ የሚቀጣው የተበሳጨውን ሳይሆን ሳይገጥምለት የወጣውን ነው። ዋጋውን እየቀነሱ ለመሄድ የሚረዱት ሁለት ነገሮች ሙሉ ፈቃድ ማውጣትና ያለ አደጋ የተነዱ ዓመታትን ማጠራቀም ናቸው።

የጽሑፍ ፈተናውን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ ማጥናት ግን በአማርኛ ይቻላል። በየከተማው የኮሚኒቲ ማኅበራት አሉን፤ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የሚሰባሰብ ሕዝብ አለን፤ ፈተናውን አልፈው ሙሉ ፈቃድ የያዙ ልጆችም አሉን። በሳምንት ሁለት ሰዓት አንድ አዳራሽ ተፈልጎ፣ ያለፈው ላላለፈው የመንገድ ምልክቶቹንና የፈተናውን እንግሊዝኛ ቢያስረዳ ምን ይገደናል? ለልጅ ልደትና ለሠርግ አዳራሽ የምንከራይ ሰዎች ለዚህ አቅም አናጣም። ማኅበራቱ ከፈቀዱ እኔም ከደብዳቤ ንባቡ ጎን አንዱን ምሽት ለመያዝ ዝግጁ ነኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ልጆቻችን የሚሮጡት ለእንጀራ ነው። ከመሮጣቸው በፊት ቆመው እንዲታጠቁ እናግዛቸው። መንገዱን ያቅናልን።